የቀረ ሁሉ ድኗል

አንድ ቀን፣ እሑድ ነው፣ ጫንያለው ከእድር ስብሰባ ቀረ። ይህ ተራ ነገር የሚመስለው ዶክተር አስራደን ለማያውቅ ሰው ነው። ዶክተር አስራደ ከሰኞ እስከ ዓርብ የከተማችን ሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ፣ እሑድ ደግሞ የእድራችን ዳኛ ናቸው። ከሁለቱ የትኛውን ሹመት አብልጠው እንደሚወዱ እኔ አልናገርም፤ ክራባት የሚያስሩት ግን እሑድ እሑድ ነው። የከተማዋንም ስም አልጠራም። ገና ብዙ ዓመት ልኖርባት አስባለሁ።

ጫንያለው ለምን እንደቀረ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ አለብን። እሱ በሆስፒታላችን ካንሰር የያዛቸውን ሕፃናት መዝጋቢ ነው። ልጁ የማን ነው፣ ከየት መጣ፣ ሕመሙ ምን ዓይነት ነው፣ ሕክምናውን ጨረሰ ወይ፣ ዛሬስ እንዴት ሆነ እያለ ይከታተላል። ሥራውን የተማረው ናይሮቢ ሄዶ ነው። የብዙ አገር ሆስፒታሎች ተባብረው ከየቦታው መዝጋቢ እየሰበሰቡ ያሠለጥናሉ፤ ሁሉም በአንድ ዓይነት መንገድ ከመዘገበ የየትኛው አገር ልጆች እንደሚድኑ፣ የትኞቹ እንደማይድኑና ለምን እንደማይድኑ ይታወቃል ብለው ነው። ጫንያለው ከዚያ ሲመለስ ለእኛ ለመድኃኒት ቤት ሠራተኞች ከረሜላ እንኳ አላመጣልንም። አንድ አመል ግን ይዞ መጣ። ያላወቀውን ነገር «አይታወቅም» ብሎ ይጽፋል። በእኛ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም ነበር።

ታዲያ ናይሮቢ ያሠለጠኑት ሴትዮ፣ ወይዘሮ ናፉላ፣ ሥራውን ለማየት ይመጣሉ ተባለ። መዝገቡ ደስ ካሰኛቸው ሆስፒታላችን የሌሎቹ መማሪያ ሊሆን ነው። ዶክተር አስራደ ይህን ሲሰሙ እንቅልፍ አጡ። አጥሩን ቀለም አስቀቡ፣ የሆስፒታሉን መኪና አሳጠቡ፣ በመጨረሻ መዝገቡ ትዝ አላቸውና ጫንያለውን አስጠሩት። እኔም የመድኃኒት ጥያቄ ላስፈርም ገብቼ እዚያው ቆሜ ነበር።

«ይኼ ምንድን ነው?» አሉ፣ ጣታቸውን አንድ ዓምድ ላይ አድርገው።

«የት እንዳሉ የማይታወቁ ልጆች ናቸው፣ ዶክተር። ሕክምና ጀምረው የቀሩ።»

«ይኼ ሁሉ?»

«ይኼ ሁሉ።»

«እና ይኼን እንግዳ ፊት ልዘርጋ? ሰው ምን ይለኛል? የቀረ ሁሉ ድኗል ብለህ ጻፍ! ቢያመው ኖሮ ተመልሶ አይመጣም ነበር?»

ጫንያለው ራሱን አከከ። «ለምሳሌ ይቺ ስመኝ የምትባለዋ ልጅ...» ብሎ ጀመረ።

ስመኝን እኔም አውቃታለሁ። ኩላሊቷ ላይ ካንሰር የበቀለባት የገጠር ልጅ ናት። ሽሮፗን የምሰጣት እኔ ነበርኩና በመጣች ቁጥር «መጀመሪያ አንተ ቅመሰው» እያለች ታስገድደኝ ነበር። እቀምስላታለሁ፤ ፊቴ ሲጨማደድ በሳቅ ትፈርሳለች። መድኃኒቱ እየሠራላት፣ ሆዷ ላይ ያለው እባጭ እየሟሸሸ ሳለ በድንገት ቀረች። በጣም ከፋኝ። ያ ሕክምና መሀል ላይ ከተቋረጠ በሽታው ብሶ እንደሚመለስ ሁላችንም እናውቃለን። ቶሎ ከተገኘች ግን ትተርፋለች። እናቷ ስልክ የላትም፤ ሰፈራቸውም ያለ መኪና የሚደረስበት አይደለም።

«መኪናውን ለአንድ ቀን ብቻ ይፍቀዱልኝና ልፈልጋት» አለ ጫንያለው።

«መኪናውን?» ዶክተሩ ከወንበራቸው ሊነሡ ምንም አልቀራቸውም። «ገና ትናንት የታጠበውን መኪና ገጠር ወስደህ ጭቃ ልትነክረው? እንግዳ በምን ልቀበል? ድናለች በል፣ ጨርሰናል!»

«እሺ» አለ ጫንያለው።

ክርክር ቢገጥም ኖሮ አልሰጋም ነበር። እሺ ሲል ነው የፈራሁት።

እሑድ ደረሰ። እድራችን ውስጥ አንድ ጥብቅ ሕግ አለ፤ ስም ሲጠራ የታጣ ሰው፣ ስብሰባው ሳይበተን ቤቱ ድረስ ተሄዶ ይታያል። ብቻቸውን የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ከስብሰባ ቀርተው፣ ለካ እቤታቸው ወድቀው እግራቸው ተሰብሮ ኖሯል፤ ከዚያ ወዲህ የወጣ ሕግ ነው። ያወጡትም ራሳቸው ዶክተር አስራደ ናቸው። ይህን በጎ ነገራቸውን አልክድም።

«ጫንያለው ደምሴ!» ብለው ጠሩ።

«ጫንያለው!»

ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። ጠዋት ዳቦ ሲገዛ ያየው ሰው ነበር፤ ሆኖም ሕግ ሕግ ነው። ዶክተሩ ክራባታቸውን አስተካክለው ከፊት፣ የእድሩ አንጋፋ እትዬ አሰገደች ምርኩዛቸውን ይዘው ከመሀል፣ እኔ ከኋላ ሆነን ወጣን። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። የጫንያለው ቤት ደግሞ ከዳገቱ ጫፍ ላይ ነው። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ የዶክተሩ ጫማ ቀለሙ ጥቁር ይሁን ቡናማ መለየት አቃተ።

ስንደርስ ጫንያለው በረንዳው ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ሬዲዮ ከፍቶ የተቀቀለ ሽምብራ ይበላል። ቆዳው ያብረቀርቃል፤ እንደዚያ ደህና ሆኖ አይቼው አላውቅም።

«አንተ! ምን ሆነህ ነው?» አሉ ዶክተሩ እያለከለኩ።

«ምንም አልሆንኩም፣ ዶክተር። ቀርቼ ነው።»

«ለምን ቀረህ?»

«ድኜ ነዋ!»

እትዬ አሰገደች ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ተክለው አዩት። «ውይ በሞትኩት፣ ታመህ ነበር እንዴ?»

«ኧረ አልታመምኩም እትዬ። ዶክተር ናቸው የቀረ ሁሉ ድኗል ያሉኝ። እኔም ከቀረሁ ደህና ነኝ ማለት ነው። በከንቱ ለፋችሁ፤ ኑ ሽምብራ ብሉ።»

የዶክተሩ ጆሮ ቀላ። «ቀልደኛ! እሱና ይኼ ምን አገናኘው? ሰው ሲቀር ቤቱ ድረስ ሄዶ ማየት ግዴታችን ነው! ታመህስ ቢሆን? ወድቀህስ ቢሆን? ቁጭ ብለን ደህና ነው ብለን እንጻፍልህ?»

ጫንያለው ሽምብራውን አስቀምጦ ተነሣ። የዶክተሩን ጫማ ቁልቁል አየና እንዲህ አላቸው፦

«ዶክተር፣ እኔን ከስብሰባ የቀረሁትን ጎረምሳ በዚህ ሁሉ ጭቃ በእግርዎ ከፈለጉኝ፣ ከመድኃኒት የቀረችውን ሕፃን በመኪና መፈለግ ምኑ ይከብዳል?»

ዶክተሩ የጫማቸውን ጭቃ በበረንዳው ጠርዝ ይፍቁ ጀመር። እኔ ሳቄን ለመዋጥ ወደ ሽምብራው ጎንበስ አልኩ።

«የምን ሕፃን?» አሉ እትዬ አሰገደች።

ጫንያለው የስመኝን ነገር ከሥር ከመሠረቱ ነገራቸው። እትዬ ዶክተር አስራደን ልጅ ሆነው በቁምጣ ከሚሮጡበት ጊዜ ጀምሮ የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ዶክተር ብለዋቸው አያውቁም።

«አስራደ፣ ቁልፉን ስጠው።»

«እትዬ፣ ነገ ቢሮ ሲመጣ...»

«ኪስህ ውስጥ ነው። ዳገቱን ስንወጣ ሲንቀጫቀጭ ሰምቻለሁ።»

የሆስፒታሉ መኪና ቁልፍ እሑድ ቀን በዳኛችን ኪስ ውስጥ ምን እንደሚሠራ እንዳትጠይቁኝ። ብቻ ወጣና ጫንያለው እጅ ገባ።

በማግስቱ ጠዋት እኔና ጫንያለው ሾፌሩን ይዘን ሄድን። ስመኝ ከደጃፋቸው ከድመት ጋር ስትሯሯጥ አገኘናት። እናቷ ስታየን ደነገጠች። «እባጩ ጠፋላታ! እኔማ ዳነች ብዬ ነው» አለች። ከዶክተራችን ጋር የተማከሩ ነው የሚመስለው። በእሷ ግን አልፈረድኩም፤ ልጇ ስትሮጥ እያየች ምን ትበል? ጫንያለው አጠገቧ ቁጭ ብሎ፣ በዓይን የማይታየው ገና እንዳልጠፋ በቀስታ አስረዳት። የዚያን ዕለት ይዘናቸው ተመለስን። ሐኪሞቹ መርምረዋት በጊዜ ደርሳችኋል ሲሉን ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ። ከዚያ ስመለስ ሽሮፑ ቀርቦ፣ ስመኝ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ እየጠበቀችኝ ነው። ቀመስኩላት።

ወይዘሮ ናፉላም መጡ። ያልታጠበ መኪና ተቀበላቸው። መዝገቡን ገልጠው ያው ዓምድ ላይ ጣታቸውን አደረጉ፤ «የት እንዳሉ አይታወቅም» የሚለው እንዳለ ነው፤ ከስመኝ ስም ጎን ግን «ቤቷ ተሄዶ ተገኘች፤ ሕክምና ላይ ናት» ተብሏል። ይህ እንዴት እንደሆነ ጠየቁ። ዶክተር አስራደ ብድግ ብለው የእድሩን ንግግር በእንግሊዝኛ አወረዱት፤ «በእኛ ዘንድ ሰው ሲቀር ቤቱ ድረስ ሄደን እናያለን! ታሞስ ቢሆን? ወድቆስ ቢሆን?» ወይዘሮዋ ጻፉ። ጫንያለው ጉሮሮው ውስጥ የሆነ ነገር የገባ ይመስል አሳለው።

በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ስም ጥሪው እሱ ጋ ደረሰ።

«ጫንያለው ደምሴ!»

ዶክተሩ ጫማቸውን አዩ። እኔ ተነሥቼ፣ ሌላ የቀረ ልጅ ሊፈልግ በመኪናው ገጠር እንደወጣ ተናገርኩ። ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ ከስሙ ፊት «ቀርቷል» ብሎ ሊጽፍ ሲል ዶክተር አስራደ እጁን ያዙት።

«ቀርቷል አትበል» አሉት። «የት እንዳለ ይታወቃል ብለህ ጻፍ።»