ባዶ ጎጆ የከበበው ሰው

አንድ ገበሬ ወንድሜ በስውር ያሴርብኛል ብሎ ሽማግሌዎች ፊት ከሰሰ። ሽማግሌዎቹም «ባዶ ጎጆ አትክበብ» አሉት፤ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ሳቀ። ገበሬው ተናዶ ወደ መምህሩ ሄደና፣ «የኔታ፣ ይህ አባባል ምን ማለት ነው? ለምንስ ያስቃል?» ሲል ጠየቃቸው። መምህሩ አልሳቁም። እንዲህ ብለው ነገሩት።

አንድ ሰው ነበረ። ወንዝ ዳር ያርሳል፤ ሚስቱ ሞታበት ከአንዲት ልጁ ጋር ይኖራል። አንድ ክረምት የማዶ ሰው በሬ ቡቃያውን ጋጠበት። ተሰዳደቡ፤ ሰው ገላገላቸው። የማዶው ሰው ሲሄድ ዞር ብሎ «ቆይ፣ እንገናኛለን» አለው። ነገሩ ይኸው ነው። ገላጋዮቹ ቤታቸው ሳይደርሱ ረሱት። ባለቡቃያው ግን ቃሏን ይዟት ገባ፤ አብራው አደረች፤ አብራው ከረመች።

ከዚያ ወዲያ ላሙ ብትታመም መድኃኒት ያደረገባት የማዶው ሰው ሆነ። ዝናብ ቢዘገይም ያስደገመበት እሱ ሆነ። ደጁ ላይ የነበረውን ትልቅ ሾላ፣ ሰው ይደበቅበታል ብሎ ቆረጠው። ግቢውን በቀጋ እሾህ አጠረ፤ በአጥሩ ላይ ሌላ አጥር ደረበ። ዘመድ ሊጠይቀው ሲመጣ «ማን ላከህ?» ይለዋል። ዘመድም ቀረ።

ልጅቱ አደገች። የማዶ አገር አንድ ጨዋ ጎረምሳ ገበያ ላይ አይቷት ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ሲጣሩ፣ አባትየው የማዶ ሰዎች መሆናቸውን ሰማና ጦሩን ይዞ ወጣ። ደመኛዬ በጋብቻ አሳብቦ ቤቴ ሊገባ ነው አለ። ልጅቱ እግሩ ላይ ወደቀች፤ አልሰማትም። ሽማግሌዎቹ አዝነው ተመለሱ። ጎረምሳውም ጠብቆ ጠብቆ ሌላ አገባ።

አባትየው እያረጀ መጣ። ጉልበቴ ሳይከዳኝ ልቅደመው ብሎ አንድ ማለዳ ወንዙን ተሻገረ። የደመኛውን ጎጆ ዞሮ ዞሮ ከበበና «ውጣ!» ብሎ ጮኸ። የመለሰለት የለም። በሩን ቢገፋው ወደ ውስጥ ወደቀ። ጣራው ረግፏል፤ ምድጃው ላይ ሳማ በቅሏል።

ጭራሮ የምትለቅም ሴት ጩኸቱን ሰምታ መጣች። የቤቱ ባለቤት ገና ዱሮ፣ እሷ ሙሽራ ሆና ወደዚህ አገር በመጣችበት ዓመት፣ ነቅሎ ወደ ሚስቱ አገር እንደ ሄደና እዚያው እንደ ሞተ ነገረችው። ሰውዬው ዘመኑን ቢያስበው፣ ደመኛው ሲነቅል ከጠቡ በኋላ አንድ በጋ እንኳ በቅጡ አላለፈም ነበር።

«ስለ እኔ ምን ይል ነበር?» አላት።

«እርስዎ ማነዎት?»

ስሙን ነገራት። ሴትዮዋ ጥቂት አሰበች።

«አንሥቶዎት አያውቅም፣ አባቴ» አለችው።

ቤቱ ገብቶ ለልጁ ነገራት። እሷም ባቄላ ትፈለፍል ነበርና ቀና ሳትል፣ «ታዲያ ማንን ነበር የምንጠብቀው?» አለች። አባትየው ወጥቶ አጥሩን በባዶ እጁ ይነቅል ጀመር፤ እሾሁ መዳፉን ቀደደው። አጥሩ ፈረሰ። መንገደኛው ግን በዚያ ማለፍ ከተወ ቆይቷል። ልጅቱም ሳታገባ ጠጉሯ ሸበተ።

ጭራሮ ለቃሚዋ ሴት ያየችውን አወራች፤ ወሬው ገበያ ወጣ፤ አባባልም ሆኖ ቀረ። ዛሬ በሸንጎ፣ በሠርግ ቤት፣ ባልና ሚስት ሲቀናኑ ሁሉ ይወረወራል። ስንቱ ጠበኛ ይህን ሲባል አፍሮ ዱላውን አስቀምጧል፤ ጠቅሞናል፣ አልክድም። ነገር ግን ሰው ሲስቅ የኖረው በአባትየው ነው። ልጅቱ በአባባሉ ውስጥ የለችም።

መምህሩ ይህን ብለው ወደ ገበሬው ዞሩ።

«ልጄ፣ ያ ሰው አንተ ነህ። ወንድምህ ያልያዘውን ጦር አንተ በልብህ ስለህ አስይዘኸዋል። ያሴር እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ አንተም አታውቅም፤ ደጁ ሄደህ አልጠየቅኸውምና። ያ ሰው ወንዙን አንድ ጊዜ ተሻገረ፤ እሱም ጦር ይዞ፣ ከረፈደ። አንተ ባዶ እጅህን ዛሬ ተሻገር። በልብህ ያጠርኸው አጥር ወንድምህን ከውጭ ማስቀረቱን ብቻ አትይ፤ ከውስጥ ማን ተዘግቶበት እንደ ቀረ ዞር ብለህ እይ።»