የጋሽ ጥላዬ ስቴሽን ዋገን

በአንድ ወቅት፣ ያውም ቤንዚን ከመድኃኒት በላይ በጠፋበት ወቅት፣ ጋሽ ጥላዬ የሚባሉ ሰው ደብረ ሲና ላይ ይኖሩ ነበር። ሦስት ልጆችና አንዲት መኪና አሏቸው። ልጆቹ ሦስት፣ መኪናዋ አንድ መሆኗ ነው የጣጣው ሁሉ መነሻ። እኔ በዚህ ነገር ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ነኝ። የምነግራችሁ ጨዋታ አምሮኝ አይደለም፤ ስለደከመኝ ነው። ሰምታችሁ እናንተ ተከራከሩበት።

በመጀመሪያ መኪናዋን ልንገራችሁ። ትንሽ ስቴሽን ዋገን ናት፣ የቤንዚን። ድሮ ነጭ ነበረች። ከፊት ብታዩአት ተራ የቤት መኪና ናት፤ ጣሪያዋ ግን ሳያጎነብስ እስከ ኋላ ድረስ ይሄዳል፣ የኋላ በሯም ወደ ላይ ይከፈታል። ለአምስት ሰው ነው የተሠራችው፤ ስንት ሰው እንደጫነች ባትጠይቁኝ ይሻላል። የኋላ ወንበሯ ሲታጠፍ ወለሉ ሜዳ ይሆናል፤ እዚያ ላይ ጤፍ፣ የበዓል በግ፣ የሠርግ ድስት፣ የእድራችን ድንኳን ሳይቀር ተጭኗል። ሙሽራ ወስዳለች፣ ምጥ የያዛት ሴት ወስዳለች፣ አስከሬንም ወስዳለች። ሞተሯ ትንሽ ስለሆነ ቤንዚን አታባክንም፤ ሜዳ ላይ ምንም እንከን አይወጣላትም። ክፉ አመሏ ዳገት ነው። እኛ ደግሞ ከዳገት ሥር ነው የተፈጠርነው፤ ደብረ ብርሃን ለመድረስ ጣርማ በርን መውጣት ግድ ነው። ሰው ሲበዛባት መንገድ ላይ ትፈላለች። ያኔ ጋሽ ጥላዬ ወርደው ኮፈኑን ይከፍቱና ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቋታል። «እሷም ነፍስ አላት፣ ትንሽ ትረፍ» ይላሉ።

ኋላ ዓይናቸውን ሞራ ጋረዳቸው። ከዚያ በኋላ መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማ ዶሮ ይሰፍርባት ጀመር። ጋሽ ጥላዬም ይህን እያየሁ ከምናደድ ብለው ሊሸጧት ከአንድ የሸዋ ሮቢት ሰው ጋር ተስማሙ።

ታላቁ ልጅ አጥናፉ ይባላል፤ አናጢ ነው። ገዢው ሊረከብ በመጣበት ጠዋት አጥናፉ ኮፈኑን ከፈተ፣ ባትሪውን ፈታ፣ ትከሻው ላይ አደረገና ወደ በሩ አመራ። አባቱ ጮኹበት።

«ባትሪውን መልስ!»

«አልመልስም።»

«መኪናዋ የኔ ናት!»

«እማዬስ የማን ናት? ነገ ብትታመም በምን ልትሄድ ነው?»

ይህን ብሎ ወጣ። ገዢው ቢጠብቅ ቢጠብቅ የሚመለስ ሰው የለም፤ ተራግሞ ሄደ። ጋሽ ጥላዬ ሰው ፊት ተዋረድኩ ብለው ልጃቸውን አኮረፉት። አጥናፉ ግን እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ባትሪውን ተሸክሞ ይመጣል፤ ያስገባል፣ ሞተሩን ያሞቃል፣ ዘይቱን ያያል፣ ጎማውን ይነፋል፣ ባትሪውን ፈትቶ ይዞ ይሄዳል። አባቱ እሱን ላለማየት ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይቀመጣሉ። ሰላምታ እንኳ የለም። ሰው በአባቱ ግቢ እንዲህ ተጠልቶ ሲሠራ ማየት ያሳዝናል፤ እኔ አጥር ለአጥር ጎረቤት ስለሆንኩ ሁሉንም አይቻለሁ። ደግሞ አጥናፉ ራሱ አይነዳም። በወጣትነቱ ከተገለበጠ ፒክአፕ ውስጥ ከነነፍሱ ወጥቷል፤ ከዚያ ወዲህ መሪ ሲይዝ እግሩ ይንቀጠቀጣል።

ታኅሣሥ ላይ የልጆቹ እናት፣ እትዬ የሺመቤት፣ በማለዳ ሆዳቸውን አሟቸው። ጠንካራ ሴት ናቸው፤ እሳቸው ከጮኹ ነገሩ ክፉ ነው። የጤና ባለሙያው መጥቶ ሆዳቸውን ጫን ጫን አድርጎ አየና ትርፍ አንጀት ነው አለ። «ሳይፈነዳ ደብረ ብርሃን ገብተው ቀዶ ሕክምና ካላገኙ አይተርፉም።» አምቡላንሱ ወላድ ሊያመጣ ቆላ ወርዷል፤ የሹፌሩ ስልክ አይሠራም። የማለዳው አውቶቡስ አልፏል። አጥናፉ ባትሪውን ይዞ ሮጦ መጣና ሞተሩን አስነሣ። ሞተሩ ተነሣ፣ ሁለቴ አስነጠሰና ጠፋ። ቤንዚን የለም። ከተማው ውስጥም የለም፤ ማደያው ከዘጋ ሰንብቷል።

ትንሹ ልጅ ሸዋንግዛው የባጃጅ ሹፌር ነው። ባጃጁ ግን የሰው ነው። ሸዋ ሮቢት ድረስ ወርዶ፣ ወረፋ ላይ ውሎ አድሮ፣ ያን ዕለት ገና ሞልቶ መምጣቱ ነበር። ወሬውን ሲሰማ ባጃጁን ግቢ ውስጥ አስገባ፣ ቱቦ ታንኩ ውስጥ ከተተና በአፉ ሳበ። ቤንዚኑ በቀላሉ አልመጣ አለው፤ ሲስብ ዋጠ። አስመለሰው። እንደገና ሳበ፣ እንደገና ዋጠ። አጥናፉ «ተው፣ እኔ ልሳብ» ቢለው በእጁ ገፋው፤ ጠብታ ሳያስቀር መኪናዋ ታንክ ውስጥ ገለበጠና እዚያው አጥሩ ሥር ወደቀ። ወተት ስንግተው ዋልን። የባጃጁ ባለቤት በማግስቱ መጣ፤ ደርቃ የቆመች ባጃጅና የታመመ ሹፌር አገኘ። አልተጣላም፣ አልተሳደበም፤ ባጃጁን ወስዶ ለሌላ ሰው ሰጠ። ሸዋንግዛው እስከ ዛሬ ሥራ የለውም። ሳሉም አልለቀቀውም።

መኪናዋ ቤንዚን አገኘች። ማን ይንዳት? አጥናፉ መሪውን ይዞ ላቡ ተንቆረቆረ። ሸዋንግዛው መሬት ላይ ነው። ጋሽ ጥላዬ ኮታቸውን ለብሰው፣ ቁልፉን ከአጥናፉ ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱና «እኔ እነዳለሁ» አሉ።

መካከለኛዋ ልጅ ልኬለሽ አስተማሪ ናት። መንጃ ፈቃድ ካወጣች ቆይታለች፤ አባቷ ግን «ጣርማ በር የሴት መንገድ አይደለም» ብለው አንድ ቀን እንኳ መሪ አስይዘዋት አያውቁም። ፊታቸው ቆመች።

«አባዬ፣ እዚያ ዛፉ ሥር የቆመው ማን ነው?»

ጋሽ ጥላዬ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩ። «አጥናፉ ነዋ» አሉ።

ገመድ ላይ የተሰጣ ጋቢ ነበር። ልኬለሽ እጇን አባቷ ኮት ኪስ ውስጥ ከተተችና ቁልፉን ወሰደች። አባት ሲደፈር ቆመን አየን። የኋላውን ወንበር አጥፋ ፍራሽ አነጠፈች፣ እናቷን አስተኛች፣ አባቷን ጎናቸው አስቀመጠች፣ ክብደት እንዳይበዛ ሌላውን ሰው ሁሉ ከልክላ ሄደች።

የቀረውን የሰማሁት ከጋሽ ጥላዬ ነው። ከከተማው እንደወጡ ጭጋጉ ዋጣቸው። አንዱ መብራት አይሠራም፤ የመስታወት መጥረጊያው ደግሞ ግማሽ ድረስ ሄዶ ደረቀ። ልጅቷ አንገቷን በመስኮት አውጥታ፣ የአስፋልቱን ጠርዝ እያየች፣ በአንደኛ ማርሽ ወጣች። መንገዱ ከሚያልፍበት ከጣርማ በር ዋሻ በታች ሲደርሱ መኪናዋ እንደ ልማዷ ፈላች። የሚቀዳ ውሃ በአካባቢው የለም። መኪናዋ ውስጥ ያለው ውሃ እትዬ የሺመቤት በሽታ ሲሰማቸው የሚጠጡት አንድ ጀሪካን ጠበል ብቻ ነው። ልኬለሽ ሞተሩ በረድ እስኪል ጠበቀች፣ ሻሿን እጇ ላይ ጠቅልላ የራዲያተሩን ክዳን ከፈተች፣ ጀሪካኑን አነሣች።

«እንዳትነኪው! ጠበል ነው!» አሉ አባቷ።

«እማዬን የሚያድናት ከሆነ በዚህም በኩል ያድናታል» አለችና ገለበጠችው።

ስለዚህ ነገር ከተማው ብዙ ተከራክሯል። አንዳንዱ ጉዳዩን ቄሱ ዘንድ አደረሰው። ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁና «ደርሰዋል አይደል?» አሉ።

ደርሰዋል። እትዬ የሺመቤት ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ሐኪሙም ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አይተርፉም ነበር አለ።

ቤታቸው ገብተው ሲያገግሙ ጋሽ ጥላዬ እኔንና ሁለት ሽማግሌዎችን ጠሩ። ልጆቹም መጡ። ከአጥናፉ ጋር ያን ቀን ታረቁ፤ ግንባሩን ሳሙት፣ ሁላችንም አለቀስን። እዚያው ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት! ጋሽ ጥላዬ ግን ቁልፉን አወጡና «እኔ ደክሞኛል። በሕይወት እያለሁ ነገሩ ይለቅልኝ። መኪናዋ ከሦስቱ ይበልጥ ለደከመላት ትሁን፤ እናንተ ፍረዱ» ብለው እኔ እጅ ላይ አስቀመጡት።

አጥናፉ ተናገረ። «እኔ ባትሪውን ተሸክሜ ባልወጣ መኪናዋ ዛሬ ሸዋ ሮቢት ናት። እሁዴን ሁሉ ሰጥቻታለሁ፤ የአባቴን ፊት አጥቼባታለሁ። ለራሴ አልፈልጋትም። እዚሁ ግቢ ትቁም፣ እማዬ አጠገብ።»

ሸዋንግዛው ተናገረ። «ባዶ ታንክ ይዞ ማን የት ደርሷል? እናንተ የነበራችሁ ሁሉ ዛሬም አላችሁ፤ እንጀራው የቀረበት እኔ ነኝ። ሰው ላመላልስባት፣ ሠርቼ ልብላባት።»

ልኬለሽ ተናገረች። «ባትሪም ቤንዚንም ኖሯት ግቢ ውስጥ ቆማ ነበር። እኔ የአባቴን ኪስ ዳብሼ፣ ስሜ ጠፍቶ ነው የወጣሁት። የማስተምርበት ቀበሌ በእግሬ ነው የምመላለሰው። አንድ ጊዜ እንኳ ሳልሰርቃት ልንዳት።»

እንግዲህ ፍረዱ። እኛ አልቻልንም። አንዱ ሽማግሌ ያቆያት ነው የሚገባው አለ፤ ሌላው የለም፣ የተጎዳባት ነው አለ፤ እኔ አንድ ቀን ለልኬለሽ አደላለሁ፣ በማግስቱ የሸዋንግዛውን ሳል ስሰማ ሐሳቤን እቀይራለሁ። በየሳምንቱ ተራ ግቡባት ብንል ሞከሩት፤ አንዱ ሲያስረክብ ሌላው «ይህን ጭረት ያመጣኸው አንተ ነህ» እያለ ይጣላሉ። ሽጣችሁ ተካፈሉ ስንል ሦስቱም በአንድ ድምፅ እምቢ አሉ፤ እስካሁን የተስማሙበት ብቸኛ ነገር እሱ ነው። እትዬ የሺመቤትን ብንጠይቅ «ሦስቱም አድነውኛል፤ አንዱን ምረጪ ብላችሁ መልሳችሁ አታሳምሙኝ» አሉ። አሁን ልጆቹ አይነጋገሩም። መኪናዋ ተቆልፋ ቆማለች። ቁልፉ እኔ ኪስ ውስጥ ነው፤ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ቁልፍ እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

ባለፈው ሐሙስ መናኸሪያ ሄጄ እትዬ የሺመቤትን አገኘኋቸው። ሆስፒታል ቀጠሮ ነበራቸው። ቁስላቸውን በነጠላቸው ላይ በእጃቸው ደግፈው፣ ሰልፍ ላይ ቆመዋል። አፈርኩ። ቁልፉን ከኪሴ አወጣሁ።

«እትዬ የሺመቤት፣ ቆዩ፤ አሁኑኑ ልስጥና ያድርስዎት» አልኳቸው።

«ለማን ትሰጠዋለህ?» አሉኝ።

ቁልፉን መልሼ ኪሴ ከተትኩት። አውቶቡሱ መጣ፤ ሞልቷል። ገፍተው ገቡ፣ ወንበር አልነበረም፤ ብረቱን ይዘው ቆመው፣ ያንን ዳገት ሊወጡ ሄዱ።

በሚቀጥለው ወር ሌላ ቀጠሮ አላቸው። ስለዚህ እሳቸው የጠየቁኝን እኔም ልጠይቃችሁ፦ ባትሪውን ለተሸከመው ነው፣ ቤንዚኑን ለዋጠው ነው፣ ወይስ ቁልፉን ለነጠቀችው? ለማን ልስጠው?