ጅራቷን ያነሳችው ባዝራ

ባሏን የቀበረች ሴት በሰርግ ላይ ስታጨበጭብ አይተው የሚያንሾካሹኩ ሰዎች አይጠፉም። ያኔ ከሽማግሌዎቹ አንዱ አንድ አጭር አባባል ጣል ያደርጋል፤ ወሬውም እዚያው ይቆማል። አባባሉን ሁሉም ያውቀዋል። ከሰርግም ከሐዘን ቤትም ሳይሆን ከፈረስ ግጦሽ እንደመጣ የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው።

በአገው ምድር አባ ስንሻው የሚባሉ ሽማግሌ አንድ ዳማ ድንጉላ ነበራቸው። አገር የሚቀናበት ፈረስ ነው፤ ዘር ግን ገና አልተወም ነበር። በመጋቢት ሁለት ጎረቤታሞች፣ ልንገረውና አድማሱ፣ ባዝራዎቻቸውን በአንድ ቀን አምጥተው በዳማው አስጠቋቸው። በሚያዝያ ዳማው በቁርጠት ሞተ። ዘሩ ከቀረ በእነዚያ በሁለቱ ባዝራዎች ሆድ ብቻ ነበር።

ልንገረው አድማሱን ከልጅነቱ ጀምሮ አይወደውም። በጥምቀት ግልቢያ ሁልጊዜ የሚቀድመው አድማሱ ነው፤ እልል የሚባለውም ለአድማሱ ነው። የገዛ ሚስቱ ስመኝ እንኳ አንድ ጊዜ ከሴቶቹ ጋር እልል ብላለት ነበር። ልንገረው ያን እልልታ አልረሳውም። "የዳማው ልጅ ይድረስልኝ እንጂ እንተያያለን" እያለ ይጽናና ነበር።

በመስከረም መጨረሻ አንድ መንገደኛ ድንጉላ እየሳበ በግጦሹ መካከል ሲያልፍ የልንገረው ባዝራ ቀና ብላ አሽካካች። ጅራቷን አንስታ ወደ ጎን አደረገች፤ የኋላ እግሮቿን አንፈርክካ ጥቂት ጥቂት ሸናች። የአድማሱ ባዝራ ግን ጆሮዋን ወደ ኋላ አስተኝታ ድንጉላውን በርግጫ መለሰችው።

ልንገረው ይህን አይቶ ቤቱ ሲገባ ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

"የኔዋ ባዶ ናት። የሱ ይዛለች። እግዜርም እንደ ሴቶቹ ለሱ ያዳላል!"

ስመኝ ነገሩ ገባት፤ እንዳልገባት ሆነች። "ያረገዘች ባዝራም አንዳንዴ ድንጉላ የፈለገች ትመስላለች ሲሉ ሰምቻለሁ። አባ ስንሻውን ብትጠይቃቸውስ?"

"ጠይቄ አገር ይሳቅብኝ?"

ከሦስት ቀን በኋላ አድማሱ ደጁ ድረስ መጣ።

"አያ ልንገረው፣ የእንስሳት ሐኪሙ ነገ ይመጣልኛል። እጁን አስገብቶ ባዝራዬን ይዳስሳታል። ያንተንም አምጣትና አብሮ ይያት።"

"ባዶነቷን ሲነግረኝ ቆመህ ልትሰማ?"

"ኧረ በማርያም! ምን ሆነሃል?"

"ምንም አልሆንሁ። እንኳን ደስ ያለህ፣ ሂድ።"

በማግስቱ ሐኪሙ አድማሱ ግቢ ሲገባ ልንገረው ባዝራውን ስቦ ወንዝ ተሻገረ። ማዶ ያገኘው ድንጉላ ጀርባው የጎበጠ፣ ሆዱ የተዘረጠጠ ነበር። "አድማሱ ውርንጭላ አስከትሎ ሲያልፍ ባዶ እጄን ቆሜ ከማይ ይህም ይሻለኛል" ብሎ አስጠቃት።

ሳምንት ሳይሞላ ባዝራዋ መብላት ተወች፤ ትንቆራጠጥ ጀመር። የጣለችውን ጽንስ ጠዋት በረት ውስጥ ያገኘችው ስመኝ ናት። ጩኸቷን ሰምቶ ጎረቤት ተሰበሰበ። አባ ስንሻውም ከዘራቸውን ተደግፈው ጎንበስ ብለው አዩ። ፀጉር አላበቀለም፤ ሰኮናው ግን ለይቷል።

"ይህ የሳምንት ጽንስ አይደለም" አሉ። "ስድስት ወር አልፎታል። የዳማዬ ነው።"

ልንገረው መሬት ላይ ተቀመጠ። አድማሱን ከሰው መካከል ሲያየው ግን የቆየው ነገር እንደገና ደረቱን አቃጠለው።

"በል እንግዲህ፣ የዳማው ዘር ላንተ ብቻ ቀረ። ደስ ይበልህ።"

አድማሱ ራሱን ነቀነቀ።

"የኔዋ ባዶ ናት፣ አያ ልንገረው። ሐኪሙ የመጣ ዕለት ነው የነገረኝ። እኔማ አንተ ጋ አለ ብዬ ነበር የምጽናናው።"

ስመኝ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ የተጣለውን ሸፈነችው። አባ ስንሻው ሁለቱን ሰዎች ተራ በተራ አዩና ለልንገረው እጃቸውን ዘርግተው ከመሬት እያስነሱት፣ "ልጄ፣ በሆድ ያለውን ጅራት አይናገርም" አሉት።