ከእመ ምኔቷ በታች አልቀመጥም ያለው ጌታ

— ተረት ተረት።
— ይምጣ ከጥንት።

በድሮ ዘመን፣ ከባሕር ማዶ በጀርመን አገር፣ ኩኖ የሚባል ጌታ ነበረ። ጌታ ይባል እንጂ ግዛቱ አንዲት መንደር ናት። በአንዱ ጫፍ ያስነጠሰውን በሌላው ጫፍ ያለው «ይማርህ» ይለዋል።

የዚያ አገር መሳፍንትና ጳጳሳት፣ ገዳማቱም ሳይቀሩ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ማኅበር ገቡና ማኅበሩን «ክበብ» አሉት። ሽፍታ ሲነሣ ሁሉም እንደ አቅሙ ወታደር ያዋጣል። የኩኖ መዋጮ አንድ ወታደር ተኩል ነበር። ተኩሉን ከየት እንደሚያመጣው እሱም አያውቅም።

አንድ ቀን ሽፍቶች ተነሡና ክበቡ ተጠራ። ኩኖም ሚስቱን ባርባራን መንደር ትቶ ሄደ። አዳራሽ ሲገባ ወንበሩን ከእመ ምኔት ኦቲልያ በታች አገኘው። እሷ የሴቶች ገዳም አለቃ ናት፤ ሠላሳ ወታደር አላት።

ኩኖም፦ «እኔ ከሴት በታች አልቀመጥም» አለ።

ጸሐፊውም፦ «ጌታዬ፣ ሁሉም ካልተቀመጠ ጉባኤው አይከፈትም» አለው።

«እንግዲያው አይከፈት» አለና ቆመ። ሁለት ቀን ሙሉ ቆመ።

አትሳቁበት። እኔም በእህቴ ልጅ ሠርግ በር ሥር አስቀመጡኝ ብዬ አኩርፌ፣ ጦሜን ቤቴ የገባሁ ነኝ። ዶሮው እስካሁን ይቆጨኛል።

በሦስተኛው ቀን መልእክተኛ መጣና፦ «ጌታ ኩኖ፣ ሽፍቶቹ ወንዙን ተሻግረው ወደ መንደርዎ እየገሠገሡ ነው» አለ።

ኩኖ ባርባራን አሰባት። ግን ምላሱ እንቢ አለውና፦ «መጀመሪያ ወንበሬ» አለ።

እመ ምኔቷም ተነሥታ፦ «ይኸው፣ የእኔው ላይ ይቀመጡ» አለችና ወጣች። ኩኖም ተቀመጠ። ከዚያም ጸሐፊው ሰው ቆጠረና፦ «እመ ምኔቷ የሉም፤ አሁንም አልሞላንም» አለ።

ያን ጊዜ ኩኖ ነቃ። ያንን አንድ ወታደሩን ይዞ እየሮጠ ሄደ። ሲደርስ መንደሩ እንዳለ ነው፤ አልተቃጠለም። እመ ምኔቷ ጉባኤም ሳትጠብቅ ሠላሳዎቹን ይዛ ቀድማው ሽፍቶቹን መልሳለች። ክንዷን ቆስላ ባርባራ ታስርላታለች።

ባርባራም፦ «አንተ ሰው፣ የት ነበርክ?» አለችው።

ኩኖ ሊዋሽ አፉን ከፈተ። ግን ደሙን አየና አፈረ። «ወንበር ላይ» አለ። «እናንተ ስትጮሁ እኔ ወንበር ሳሞቅ ነበርኩ።»

በሚቀጥለው ጉባኤ ጸሐፊው የመቀመጫውን ተራ ሊጽፍ ብዕሩን ይዞ፦ «ጌታዬ፣ ስምዎን ከማን በላይ ልጻፍ?» አለው።

«ከሁሉም በታች ጻፈኝ» አለ ኩኖ። «ቦታ ካነሰህ ደግሞ ወረቀቱ ጀርባ ላይ።»

ተረቴ አለቀ፤ ጉሮሮዬም ደረቀ። በሉ ዳቦውን ቆርሳችሁ አቀብሉኝ፤ ዝም ካልኩ አይቀር ጠግቤ ልበል።