ከሥሩ የተነቀለ ላባ

በዚያ ሐይቅ ዳር ሥርዓት ነበር። አንበሳ ይበላል፣ ቀበሮ ያመሰግናል፣ የቀረው አውሬ ራሱን ነቅንቆ ይበተናል። ሥርዓቱን ያበላሹት ዝዮች ናቸው። በላይ ሲያልፉ ንጉሡ ተደብቆ የጅብ ትራፊ ሲግጥ አዩት። ማየታቸውስ ባልከፋ፤ አወሩት እንጂ።

አንበሳ ጉባኤ ጠራ። ቀበሮ ተነሥቶ፣ ከእንግዲህ ከንጉሡ ጆሮ በላይ የሚበር እንዳይኖር፣ የዝዮችም የክንፍ ላባ ከመካከሉ በጥርስ እንዲቆረጥ አሳሰበ። ዝዮቹ ተላቀሱ። ሐይቁ በበጋ ይደርቃል፤ በክንፍ ካልወጡ የቀበሮ ራት ናቸው። ገሚሶቹ አንዱ ክንፍ ብቻ ይቆረጥልን ብለው ለመኑ። በቀረው የት ሊደርሱ እንደሆነ ማንም አልጠየቃቸው።

አሮጊቷ ዝይ ማንጠግቦሽ ግን አላለቀሰችም። በየዓመቱ የዝይ የክንፍ ላባ ባንድ ጊዜ ይረግፋል፤ አዲሱ እስኪያድግ ሸምበቆ ውስጥ ይሸሸጋሉ፣ ነውር ነውና ለማንም አይናገሩም። እሷ ይህን ነውር ዕድሜዋን ሙሉ ስታጠናው ኖራለች። የተቆረጠ ላባ እስከ መርገፊያው ወራት እንደ ደረቅ ጉቶ ቦታውን ይዞ ይቆያል፤ ያ ደግሞ ከበጋው ማዶ ነው። ከሥሩ በወጣው ምትክ ግን ሥጋው ወዲያው ሌላ ያበቅላል።

«ጌታዬ፣» አለች፣ «ይህ ቀበሮ እያቃለለዎት ነው። መቁረጥማ የአይጥ ሥራ ነው። ነገ ጉቶውን ያየ ሁሉ ንጉሡ መንቀል አቃተው ይላል። ከሥሩ ያስነቅሉ፤ ከኔም ይጀምሩ።»

ቀበሮ አንድ ነገር ሸተተው። አፉን ሊከፍት ሲል አንበሳ አፈጠጠበት።

«አንተም አቃተው ልትል ነው?»

ቀበሮ ጎንበስ ብሎ ተቀመጠ።

ነቀሏት። ደሟ እግሯ ድረስ ወረደ፤ ድምፅ ግን አላወጣችም። ተራዋን የምትጠብቀው የእህቷ ልጅ ዘነቡ ጠጋ ብላ፣ «እትዬ፣ ከነነፍሳችን ሸጥሽን» አለቻት።

«ዝም ብለሽ ተነቀይ፤ ጠላት ፊት ትምህርት ቤት አልከፍትም» አለቻት በሹክሹክታ።

ከዚያ ወዲያ ሳምንታት ሸምበቆ ውስጥ ተቀመጡ። አዲሱ ላባ ደም ያዘለ ቀምበጥ ነበር፣ ሲነኩት ያንገበግባል። ሳይጠነክር ለመብረር የሞከረችውን ሁሉ ማንጠግቦሽ በመንቁሯ ትቆነጥጣለች። ዘነቡ ሁለት ጊዜ ተቆንጥጣለች፤ ሁለተኛው ጊዜ ግን እየሳቀች ነው። ውሃው ወደ ጭቃ ሲቃረብ ቀበሮ ዳር ዳር ማለት አበዛ።

አንድ ቀን፣ ጉባኤው እንደተቀመጠ፣ ዝዮቹ ነፋሱን ፊት ለፊት ገጥመው በቀረችው ውሃ ላይ ሮጡ። ክንፋቸው አየሩን ቁልቁል ገፋው፤ አየሩም ሽቅብ አነሣቸው። በጉባኤው አናት ላይ ዞሩ።

አንበሳ ቀበሮን ተመለከተ፤ ቀበሮ ሣሩን። ከዚያ ንጉሡ ድምፁን አለስልሶ ማንጠግቦሽን ውረጂና እንነጋገር አላት።

«እዚህም ይሰማኛል፣ ጌታዬ። ቀና ብለው ይናገሩ።»

ንጉሡ ቀና አለ። ጋማው ወደ ኋላ ወደቀና አውሬው ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ጉሮሮውን አየ። እንደ ማንም ጉሮሮ ስስ ነው፤ ምራቅ ሲውጥ ከፍ ዝቅ ይላል።

ዓይኑን ከዚያ የመለሰ አልነበረም።