የጭቃ ሹሙ ጉርሻ

አንዳንድ አባባል ሲሰሙት ያስቃል። የወጣበትን ቤት የሚያውቅ ሰው ግን ቶሎ አይስቅም። አሁን የማወራችሁም እንዲያ ያለ ነው፤ ዛሬ ሰው ሁሉ እንደ ዋዛ ጣል ያደርገዋል እንጂ፣ አንዲት እናት ከሦስት ልጆቿ ልትነጠል አንድ ሐሙስ ቀርቷት ከተረፈች በኋላ የተነገረ ቃል ነው።

ሴትዮዋ አንጓች ትባላለች። ባሏ ጓዴ የሸምበቆ ሜዳ ጭቃ ሹም ነበር፤ ግብር የሚያስገባ፣ የድንበር ጠብ የሚዳኝ፣ እጄ እርፍ አይጨብጥም ለማለት የትንሽ ጣቱን ጥፍር የሚያሳድግ ኩሩ ሰው። ሦስት ልጆች ወልደዋል፤ ትልቋ ትብለጥ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ካሴ አራት፣ ጥጋቡ ገና ሁለት።

ክረምቱ ወጣ ሲል ልጆቹ መቀመጫቸውን ማከክ ጀመሩ። ቀን ደህና ይውላሉ፤ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ግን ዕረፍት የላቸውም። ካሴ እህል አልቀምስ አለ። ትብለጥ በተኛችበት ትገላበጣለች። አንጓች ገልጣ ብታያቸው ክር የመሳሰሉ ነጫጭ ትሎች አየች። ለጎረቤት መንገር አሳፈራት። ኮሶ ወቅጣ ላጠጣቸው ብላ ሙቀጫውን ካቀረበች በኋላ ልቧ አልቆርጥ አላትና፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ወደሚኖሩት መድኃኒት አዋቂ ወደ እማሆይ ጥዑም ሄደች።

እማሆይ እስክትጨርስ ሰሟትና፣ «ኮሶውን ወዲያ በይው» አሏት። «እሱ ለአዋቂ አንጀት እንኳ ከባድ ነው፤ ሕፃን ይገድላል። ይሄ ሌላ ትል ነው። ልጁ ሲያክክ እንቁላሉ ጥፍሩ ሥር ይገባል። በዚያው እጁ ሲበላ ደግሞ ተመልሶ ሆዱ ይወርዳል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ እማሆይ?»

«ጥፍራቸውን ከሥሩ ቁረጪ። ጧት ጧት ገላቸውን እጠቢ። ልብሳቸውን በእንዶድ ቀቅይ፣ የሚተኙበትን ቁርበት አራግፈሽ ፀሐይ ላይ አውዪው። ሁለት ወር እንዳትሰለቺ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ከአንድ ገበታ የሚበላ ሁሉ አብሮ ነው የሚጸዳው። አንድ ሰው ከቀረ ሁሉም እንደ ቀረ ቁጠሪው።»

አንጓች ራሷንና ልጆቿን እጇ እስኪላጥ አጠበች፤ ባሏን ግን የሚያሳክከው አልመሰላትምና አልነገረችውም። በሦስተኛው ሳምንት ልጆቹ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ የካሴ ጉንጭ ተመለሰ። በአምስተኛው ሳምንት ሦስቱም እንደገና ማከክ ጀመሩ። ምን እንዳጎደለች ብታስብ ብታስብ ጠፋት።

አንድ ምሽት ገበታ ቀርቦ ጓዴ መቀመጥ ተሳነው። አንዴ በዚህ ጎኑ፣ አንዴ በዚያ ጎኑ ይላል። ኋላም ሰበብ ፈጥሮ ተነሣና ከጎተራው ጀርባ ዞረ። አንጓች ውኃ ልታቀርብለት ማሰሮውን ይዛ ስትከተለው፣ ግድግዳውን ተደግፎ በዚያ ረጅም ጥፍሩ አጥብቆ ሲያክክ አየችው። ሳያያት ተመለሰች። እሱም ተመልሶ እጁን ውኃ ሳያስነካ ተቀመጠ፤ እንጀራውን ቆርሶ፣ ወጡን አጥቅሶ፣ ጠቅልሎ ጥጋቡን አጎረሰው።

«አብዬ፣ ለኔም» አለ ካሴ አፉን ከፍቶ።

አንጓች ማሰሮውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ልጆቹን እንደሚወድ ታውቃለች። ማታ ማታ በእጁ ሳያጎርሳቸው አድሮ አያውቅም። አምስት ሳምንት ሙሉ እሷ ስታጥብ የከረመችውን ያ ጉርሻ ሲመልሰው ኖሯል።

ልጆቹ ወደ ጓዳ ሲገቡ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የእማሆይን ቃል ነገረችው። «ጥፍርህን ልቁረጥልህ፤ ልብስህንም ልቀቅል። ማንም አይሰማም» አለችው።

ጓዴ ፊቱ ጠቆረ። «እኔን ነው በሕፃን በሽታ የምትጠረጥሪኝ? ነገ ሸንጎ ስቀመጥ ሰው በምን ዓይን ሊያየኝ ነው? ይህ ቃል ከዚህ ቤት ቢወጣ አንቺም አብረሽው ትወጫለሽ።»

ከዚያ ወዲያ አንጓች አልተናገረችም። እሱ ከመምጣቱ በፊት ልጆቹን አብልታ ማስተኛት ጀመረች፤ እሱ ግን፣ «ልጆቼን ከገበታዬ ለየሽብኝ» እያለ ቀስቅሶ ያጎርሳቸዋል።

በዚህ መሐል እናቱ እመት ጥሩዬ ልጆቹን ሊጠይቁ መጡ። ጥጋቡ ጭናቸው ላይ ሆኖ ሲያክክ አይተው ገልጠው ተመለከቱና ጮኹ። ከዚያ ልጃቸውን ጠርተው፣ «ይሄ ከየት የመጣ ነው?» አሉት።

ጓዴ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «እናታቸውን ጠይቋት» አለ። «ንጽሕና አታውቅም። ከሷ ነው።»

አንጓች በሩ ላይ ቆማ ሰማችው። እመት ጥሩዬም ዞር ብለው፣ «እሑድ ሽማግሌ ይቀመጣል» አሏት። «ልጆቹን እኔ እወስዳለሁ። አንቺ ወዳባትሽ አገር።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሎች ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ዋናው አባ ዋሴ ነበሩ፤ ዓይናቸው የደከመ፣ ጆሯቸው ግን ምንም የማያልፈው ሽማግሌ። ከአጥሩ ውጭ ራቅ ብሎ ጎረቤቱ ተሰብስቧል፤ የሚባለው ግን አይሰማውም። እመት ጥሩዬ ክሳቸውን አሰሙ፤ ቤቷ ቆሻሻ ነው፣ የልጅ ልጆቼን በትል አስበላች አሉ። ጓዴም ተጠይቆ፣ «እናቴ እንዳሉት ነው» አለ።

«አንቺስ ልጄ?» አሉ አባ ዋሴ።

አንጓች ነጠላዋን በጥርሷ ነከሰች። ብትናገር ባሏን በሽማግሌ ፊት ልታዋርደው ነው፤ የተዋረደ ባል ደግሞ ከቤቱ ያወጣታል። ዝም ብትልም ያው ነው። ልዩነቱ ዝም ካለች ልጆቹ እንደታመሙ መቅረታቸው ነው። ነጠላዋን ለቀቀችው።

«አባቴ፣ ንጽሕና አታውቅም ላሉኝ እጄን እዩልኝ» ብላ የተላጠ መዳፏን ዘረጋች። «እኔም ልጆቼም ታጥበናል። እማሆይ ጥዑም፣ ከአንድ ገበታ የሚበላ ሁሉ አብሮ ይጽዳ ብለውኝ ነበር። አንድ ሰው እምቢ አለኝ። እሱንም ያሳክከዋል። በዚያው እጁ ያጎርሳቸዋል።»

«ልጄን ልትሰድቢ!» ብለው እመት ጥሩዬ ሊነሡ ሲሉ አባ ዋሴ በዘንጋቸው መሬቱን መቱ።

«ጓዴ፣ እውነት ነው?»

«ሐሰት ነው።»

«እንግዲያው ነገሩ ቀላል ነው። ልጆቹ ይምጡ። እጅህን በራሳቸው ላይ ጫንና፣ ዋሽቼ እንደሆነ እነዚህን ይንሣኝ ብለህ ማል። ስትጨርስ ሚስትህን አሰናብተን እንሄዳለን።»

ሦስቱ ልጆች መጥተው ቆሙ። ጓዴ እጁን አነሣ። እጁ አየር ላይ ቀረ። ጥጋቡ ቀና ብሎ የአባቱን ጣቶች እያየ እንደለመደው አፉን ከፈተ።

አንጓች ይምላል ብላ ፈርታ ነበር፤ ቢምል የሚደርሰውንም ፈርታ ነበር።

ጓዴ እጁን ቀስ ብሎ ወደ ኋላው መለሰና፣ «አልምልም» አለ። «አፍሬ ነው። ከእኔ ነው።»

እመት ጥሩዬ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡ። አባ ዋሴ፣ «ትል የገባበት ሰው አይነወርም፤ ሆድ ያለው ሁሉ ያገኘዋል» አሉ። «ጥፋትህ ሚስትህን መክሰስህ ነው። ተነሥና ይቅርታ ጠይቃት። ያን ጥፍር ደግሞ አሁን እዚሁ ቁረጠው። ቤታችሁ ሁለት ወር በእማሆይ ቃል ይደር፤ ስንመለስ እናያለን።»

ጓዴ ወድቆ የሚስቱን እግር ሳመ። እሷም አነሣችው፤ ግን ቶሎ አላናገረችውም። እመት ጥሩዬ ወደ አገራቸው አልተመለሱም፤ በማግስቱ እንዶዱን ራሳቸው ወቀጡ። ሁለት ወር ሙሉ ጓዴ ጧት ከልጆቹ ጋር ተሰልፎ ሲታጠብ ከረመ። ከገበታ በፊት አንጓች ውኃ ስታፈስለት ሁለቱንም እጁን አገላብጦ ያሳያት ነበር። አንድ ቀን ይህን ሲያደርግ ሳታስበው ሳቀች፤ ያን ዕለት ታረቁ።

ሽማግሎቹ ሲመለሱ ልጆቹ ወፍረው፣ ግቢው ውስጥ ሲራወጡ አገኟቸው። መርቀው ወጡ። ከአጥሩ ውጭ ግን ጎረቤቱ እንደ ፊተኛው ቀን ተሰብስቦ ይጠብቅ ነበር። ሽማግሌ የቤት ገመና አያወጣም። ቢሆንም አንዲት ሴት ጠጋ ብላ፣ «አባ ዋሴ፣ ይሄን ያህል ያስቀመጣችሁ ነገር ምን ኖሯል?» ብትላቸው፣ ሽማግሌው ዘንጋቸውን ተደግፈው ጥቂት አሰቡና እንዲህ አሏት፦ «ምን ይሆናል ልጄ፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ።»