የምን ጎደለኝ ገበቴ

ተረት ተረት።

ልጆቹም፦ የላም በረት።

ዛሬስ የላም በረት አትበሉኝ። ዛሬ የጎረቤት በሉኝ። ደግሞ አንቺ፣ ያንን የቂጣ ጠርዝ ከምድጃው ሥር ስትሸጉጪ አይቼሻለሁ። አሁን አላስነሣሽም፤ ተረቱ ራሱ ያስነሣሻል። በሉ፣ ተረት ተረት።

ልጆቹም፦ የጎረቤት።

እንዲህ ነው እንጂ። በድሮ ዘመን ትርንጎ የምትባል ባለጸጋ ሴት ነበረች። ጎተራዋ ሙሉ፣ ላሞቿ አራት፣ ማጀቷ ቅቤ ቅቤ የሚሸት። ባሏ ሞቶባታል፣ ልጅም አልወለደች። ያላት አንድ ውሻ ነው። ውሻም ከተባለ። ድመት የሚያክል፣ ጆሮው የተንጠለጠለ፣ ሌባ ቢመጣ ከሌባው ቀድሞ የሚሸሽ ነገር። እሷ ግን እንደ ልጅ አቅፋው ትውላለች።

ከአጥሯ ማዶ እማማ ደብሪቱ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። የአገሩ አዋላጅ ናቸው። ትርንጎንም ያዋለዷት እሳቸው ናቸው። በተወለደች ቀን በጣታቸው ቅቤ ቆንጥረው ያስዋጧት፣ የዚህን ዓለም የመጀመሪያ ጉርሻ የሰጧት እሳቸው ናቸው። ይህን ልብ በሉልኝ።

አንድ ክረምት የእማማ ደብሪቱ ዶሮ በአጥሩ ሽንቁር ሾልካ የትርንጎን የጎመን መደብ ጫረችው። ትርንጎም ወጣችና፦ «ዶሮዎን ማብላት ካቃተዎ አርደው ይብሏት» አለቻቸው። እማማ ዶሮዋን አቅፈው ገቡ። ከዚያም ወዲያ ተኳረፉ። ትርንጎን ይህ መች በቅቷት። በአገራችን ሰው ጎረቤቱን መንካት ሲፈልግ በውሻው ስም ይናገራል አይደል? ውሻዋን «ምን ጎደለኝ» ብላ ሰየመችው። ጠዋት ማታ ከአጥሩ ሥር ቆማ፦ «ምን ጎደለኝ፣ ና ብላ። ምን ጎደለኝ፣ ሥጋው ቀርቦልሃል» ትላለች። እማማ ከወዲያ ማዶ ይሰማሉ። ዓይንን በጨው አጥቦ እንዲህ ማለት አለ?

ምን ጎደለኝም የዋዛ አልነበረም። መጀመሪያ ሥጋ በላ። ኋላ ሥጋው በቅቤ ካልተጠበሰ አለ። ከዚያም ቅቤው ካልተነጠረ አለ። ሌላ ነገር ሲሰጡት አሽትቶ ፊቱን ያዞራል። እሷም አንጀቷ አይችልም፣ የፈለገውን ትሰጠዋለች። ሲውል ሲያድር ሆዱ ተነፋ፣ ጠጉሩ ረገፈ፣ ሁለት እርምጃ ሄዶ የሚያለከልክ ሆነ። ትርንጎ ደነገጠችና ከብት ወደሚያክሙት ወደ አለቃ ድንበሩ ይዛው ሄደች። አለቃ ሆዱን ዳበሱት፣ አፉን ከፍተው አዩትና፦

«ልጄ፣ ይህ ውሻ በጥጋብ ሊሞት ነው» አሏት። «ቅቤውን ተይ። ጮማውን ተይ። ሽንኩርትና በርበሬ አታስጠጊበት። የገብስ ቂጣ በአጥንት መረቅ ፈትፍቺለት፣ ዱባ ቀቅለሽ ጨምሪበት፣ ትንሽ ቀይ ሥጋ ጣል አድርጊበት። ይህን ካልበላ ለፍልሰታ አይደርስም።»

ትርንጎ አለቀሰች። ከዚያም ቤቷ ገብታ የታዘዘችውን ሠራች። ግን አፍንጫዋን ይዛ ነው የሠራችው። ገበቴውን ታቀርብና፦ «እስቲ ቅመስ የኔ ጌታ» ትለዋለች፣ ፊቷን ግን ታጨፈግጋለች። ውሻ ሞኝ አይደለም። ገበቴውን አየ፣ እሷን አየ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ተኛ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። በአራተኛው ቀን ጾሙን ሲውል ማየት አልችልም አለችና ገበቴውን ከጓሮ፣ ከአጥሩ ሽንቁር አጠገብ አስቀምጣለት ገባች። ተመልሳ ብታይ ገበቴው ባዶ ነው።

በማግሥቱም ባዶ። በሳምንቱም ባዶ። ምን ጎደለኝ የሆዱ እብጠት ቀነሰ፣ ጠጉሩ በቀለ፣ ጭራውን እየቆላ መሮጥ ጀመረ። ትርንጎ ደስታዋን የምታደርግበት አጣች። የማርያም ማኅበር ተራዋ ደርሶ ሴቶቹ ቤቷ በተሰበሰቡ ቀን ጉራዋን ነዛች፦

«የኔ ምን ጎደለኝ ዱባ በላ። ገብስ በላ። ሰው ሲያየው ያፍራል እንጂ፣ ብቻውን ሲሆን ገበቴውን ጥርግ ነው የሚያደርገው።»

አጸደ የምትባል ጎረቤቷ፦ «ውሻ ደግሞ መች ያፍራል? እስቲ አሳዪን» አለች።

«እንዴታ። ኑ፣ ከጎተራው ጀርባ ሆናችሁ እዩ። ድምፅ እንዳታሰሙ ብቻ።»

ሰባት ሴቶች ነጠላቸውን ሰብስበው ከጎተራው ጀርባ ተኮለኮሉ። ቀትር ነው። ትርንጎ ገበቴውን አስቀመጠችና ሮጣ አብራቸው ተሸጎጠች። ምን ጎደለኝ መጣ። አልበላም። ከገበቴው አጠገብ ቁጭ ብሎ ወደ አጥሩ ሽንቁር ማየት ጀመረ።

ቆየና አጥሩ ተንኮሻኮሸ። በሽንቁሩ መጀመሪያ እጅ ወጣ። ከዚያ ሻሽ የታሰረበት ራስ። እማማ ደብሪቱ ናቸው። በጉልበታቸው እየዳኹ ገቡ። ልጆቼ፣ ያቺ ሽንቁር የዶሮ መሹለኪያ ነበረች እኮ። ሰው በሷ ያልፋል ብሎ ማን ያስባል? እንዴት ከስተው ቢሆን ነው።

ገበቴውን ወደራሳቸው ሳቡት። በስመ አብ ብለው አማተቡ። ፍትፍቱን ጠቅልለው፦ «አንዱ ለእኔ» አሉና ጎረሱ። ሌላ ጠቅልለው፦ «አንዱ ለአንተ» አሉት። ያ ለጥብስ ፊቱን የሚያዞር ውሻ ዱባውን ከነገብሱ ከእጃቸው ላይ ዋጠ። እሳቸው ሲበሉ አይቶ ነው የበላው። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባል የለ? ለውሻው እንኳ ገብቶታል። እማማም ራሱን እየዳበሱ፦ «እመቤትህን እግዜር ይስጥልኝ» አሉት።

ትርንጎ ክው አለች። ከጎኗ ያሉትም አቀርቅረው መሬት መሬት ያዩ ጀመር። ለምን በሉኝ። ከእማማ ደብሪቱ ጣሪያ ጭስ ከወጣ ስንት ቀኑ። ሁሉም አይታለች። ዶሮዋም ከጠፋች ቆይታለች። ቡቃያቸውን በረዶ እንደመታባቸው መንደሩ ሁሉ ያውቃል። እሳቸው ደግሞ ለምነው አያውቁም። ስትወጣ ስትገባ እያንዳንዷ ሴት «ሌላዋ ጠይቃቸው ይሆናል» ትል ነበር።

በዚህ መሀል ምን ጎደለኝ የማያውቀው ሰው ሸተተውና ጮኸ። እማማ ቀና ቢሉ ከጎተራው ዳር የነጠላ ጫፍ አዩ። አንድ። ሁለት። ሦስት። በእጃቸው ያለው ጉርሻ ወደቀ። ወደ ሽንቁሩ ዞሩ፣ በችኮላ ግን መሹለክ አልቻሉም። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ያንን ሁሉ የመንደር ልጅ ያዋለዱ ሴት፣ ከውሻ ገበቴ ሥር ተይዘው ፊታቸውን ሸፈኑ። እኔ ይህን ስናገር እንኳ አፍራለሁ።

ትርንጎ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ምን ታድርግ? እህል ሰፍራ ብትሰጣቸው በሰው ፊት ይበልጥ ማዋረድ ነው። አላየንም እንዳትል ሰባት ሴት ቆሟል። ከዚያም ከጎተራው ጀርባ ወጣችና ሄዳ መሬቱ ላይ፣ ከገበቴው ማዶ ቁጭ አለች።

«እማማ» አለች። «እኔንም ያጉርሱኝ።»

እማማ ነጠላቸውን ሳይገልጡ፦ «ተይ ልጄ። የውሻ ነው» አሏት።

«አውቃለሁ። እኔው ነኝ የሠራሁት። አፍንጫዬን ይዤ ነው የሠራሁት። መጀመሪያም ያጎረሱኝ እርስዎ ነዎት። ዛሬም ያጉርሱኝ።»

ሴቶቹ ሁሉ እያዩ አፏን ከፈተች። እማማ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጡ። ከዚያም ጠቀለሉና አጎረሷት። ትርንጎ ዱባውን ከነገብሱ አላመጠች፣ እንባዋም ወረደ። አጸደም ወጣች። ከጎኗ ቁጭ ብላ አፏን ከፈተች። የቀሩት ግን እዚያው ቆመው ቀሩ። መቅረብም አፈሩ፣ መሄድም አፈሩ።

ከዚያ ቀን ወዲያ እማማ ደብሪቱ በሽንቁር አልገቡም። በበር ይገባሉ፣ ከትርንጎ መሶብ ይቀርባሉ፣ ውሻውም ከእጃቸው የገብስ ቂጣውንና ዱባውን እየጎረሰ ብዙ ዘመን ኖረ። መንደር መቼም ዝም አይልም፤ ከውሻ ገበቴ የበላች እያለ አማት። ትርንጎ ይገባኛል ነው ያለችው። ውሻውን ግን ዳግመኛ በስሙ ጠርታው አታውቅም። «ና» ብቻ ትለው ነበር። ከሞተ በኋላ እንኳ፣ ያ ውሻሽ ስሙ ማን ነበር ሲሏት አንገቷን ትደፋለች።

አንቺ፣ ወዴት ነው ወደ ምድጃው? ቂጣውን ልታነሺ ነው? አንሺው፣ አመዱን አራግፊው። አይ፣ ለእኔ አይደለም። እሱን አንቺው ብዪው።

ለእኔማ ተረቴን መልሱልኝ፣ አፌን በትኩስ ቂጣ አብሱልኝ፤ ከትራፊያችሁ አይሁን፣ አብራችሁኝ እየበላችሁ አጉርሱኝ።